ስንት ገባህ? የት ነህ?

እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ ምሩፅ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አጠለቀ። ከቀናት በኋላ የ5 ሺህ ሜትር ማጣሪያው ሊጀመር ሲል ግን የአዲግራቱ ልጅ መነሻው ላይ አልነበረም። ለምን እንደቀረ እስከ ዛሬ ልዩ ልዩ ነገር ይወራል። ሰዓቱ ግን አልጠበቀውም፤ ውድድሩ ያለ እሱ ሄደ። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የምጽፈው የስፖርቱ መዝገብ በዚያው ስለተያዘ ነው።)

ከሙኒክ አንድ ወር በኋላ፣ እንግሊዝ አገር ፖርትላንድ ወደብ ላይ፣ በሸራ ከሚሄዱ ጀልባዎች የትኛው እንደሚፈጥን የሚለይበት የመጀመሪያው የዌይማውዝ የፍጥነት ሳምንት ተካሄደ። ክሮስቦ የተባለችው ጀልባ 26.3 ኖት ሄዳ አሸነፈች፤ ይህም በሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አለካኩ አስቸጋሪ ነበር። መስመሩ በውኃ ላይ ይለካል፣ ምልክት ይተከላል፣ ታዛቢ ይቆማል፣ ጀልባዋ ስትገባና ስትወጣ ሰዓት ይያዛል። ነፋሱ አቅጣጫ ከቀየረ ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል።

ባሕር የማያውቀው የመቀሌ ሰው ከዚህ ታሪክ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ዓይደር፣ በ1998 ትምህርት ቤቱ በአውሮፕላን ቦምብ የተመታበት፣ በኋላም ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል የቆመበት ክፍለ ከተማ፣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ላይ ነው የሚገኘው። እዚህ ሸራ ተክሎ የሚንሳፈፍ የለም። ግን ማለዳ አስፋልቱ ሳይጨናነቅ የሚሮጥና ብስክሌት የሚጋልብ ወጣት ሞልቷል። ዛሬ ያ ወጣት ክንዱ ላይ ያሰራት ሰዓት ፍጥነቱን በትክክል እንድትነግረው ካደረጉት መካከል፣ ስሙን እንኳ ሰምቶ የማያውቀው ዊንድሰርፊንግ የሚባል ስፖርት ሰዎች አሉበት። ሰዓት ሻጮቹ ይህን አይነግሩትም።

በ1972 ሯጭም ሆነ ብስክሌተኛ ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚያውቀው ከሌላ ሰው አፍ ነበር። አሠልጣኙ ስቶፕ ዎች ይዞ ይቆማል፣ ዙሩ ሲያልቅ ሰዓቱን ጮሆ ይናገራል። ከትራክ ውጭ ደግሞ ርቀቱ ግምት ነው፤ ከድልድዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከኬላው እስከ ዳገቱ አናት። ኢትዮጵያ በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ በጎዳናው ውድድር በቡድን 9ኛ ወጡ። ይህን ውጤት አብዛኛው ሰው ረስቶታል፤ እኔ ግን ከብዙ ሜዳሊያ ባልተናነሰ ይገርመኛል። ጉልበታቸውን የለኩት በትንፋሻቸው ነበር።

ምሩፅም እንደዚያው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1980 ሞስኮ ላይ፣ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። በ5 ሺህ ሜትር 13:20.91፣ በ10 ሺህ ሜትር 27:42.69። «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው የመጨረሻው 300 ሜትር ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነበር፤ አብረውት የሚሮጡት ሊመጣ እንደሆነ እያወቁ እንኳ አይመልሱትም። ያን ሰዓት ምን ያህል ፈጥኖ እንደነበር በሴኮንድ በሴኮንድ የሚነግረው መሣሪያ ክንዱ ላይ አልነበረም።

መሣሪያው ግን ሰማይ ላይ መሰቀል ጀምሮ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ጂፒኤስን በ1973 አቀደ፤ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ተላከ። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍ ብለው የሚዞሩ ሳተላይቶች «እኔ እዚህ ነኝ፣ ሰዓቱም ይህ ነው» እያሉ ያለማቋረጥ ይልካሉ። መሬት ላይ ያለው ተቀባይ የአራቱን መልእክት ካገኘ፣ እያንዳንዱ ለመድረስ ከወሰደበት ጊዜ ተነስቶ ራሱ የት እንዳለ ያሰላል። የአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ስሕተት 300 ሜትር ያሳስታል፤ ስለዚህ ሳተላይቶቹ የተሸከሙት የአቶሚክ ሰዓት ነው። ነገሩ የተሠራው ለጦር ነበር። በሴፕቴምበር 1983 የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገድ ስቶ ሶቪየት ግዛት ውስጥ ገብቶ ሲመታና 269 ሰው ሲያልቅ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪልም እንደሚከፈት ቃል ገቡ።

በዚህ መካከል የባሕሩ ሰዎች ፍጥነት እየጨመረ ሄደ። ዊንድሰርፊንግ ማለት ምሰሶው በሚንቀሳቀስ ሸራ የሚነዳ ሰሌዳ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆይል ሽዋይትዘርና ጂም ድሬክ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገቡበት ይህ መጫወቻ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ውድ ጀልባዎችን ሁሉ ቀደመ። በ1986 ፓስካል ማካ የካናሪ ደሴቶች ላይ 38.86 ኖት ሄዶ የሸራን ፍጥነት ሪከርድ ወሰደ። በ1988 ኤሪክ ቢል ደቡብ ፈረንሳይ ሳንት ማሪ ላይ 40.48 ኖት አስመዘገበ፤ በሸራ 40 ኖትን ሲያልፍ የመጀመሪያው ነው። በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጣውላ፣ አንድ ጨርቅ።

እነዚህ ጥቂት ሰዎች የተለካ 500 ሜትር፣ ዳኛና ካሜራ ነበራቸው። የቀረው ሺህ ዊንድሰርፈር ግን ቅዳሜና እሑድ ወጥቶ፣ ከንፈሩ በጨው ደርቆ፣ ዳር ላይ ተቀምጦ «ዛሬ እንዴት በርሬያለሁ!» ከማለት በስተቀር ማስረጃ አልነበረውም። የጓደኛውም በረራ እንደዚያው ወሬ ነው። ይህን ጉጉት ያልተረዳ የቀጣዩን ሃያ ዓመት ታሪክ አይረዳም።

ጂፒኤስ በ1995 ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ። ለሲቪል የተለቀቀው ምልክት ግን ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ የተደረገ ነበር፤ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ዓይደር ትምህርት ቤት በር ላይ ሳይነቃነቅ የቆመ ሰው መሣሪያው ላይ ሲንከራተት ይታያል፤ አንዴ ከአስፋልቱ ወዲያ፣ አንዴ ከግቢው ውስጥ። ካሲዮ በ1999 የመጀመሪያውን ጂፒኤስ ያለው የእጅ ሰዓት ሲያወጣ ይህ ገደብ ገና አልተነሳም ነበር፤ ሰዓቱም እንደ ድንጋይ የከበደ ነው። በሜይ 2000 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማደብዘዣውን አስጠፉት። በአንድ ሌሊት፣ ማንም አዲስ ዕቃ ሳይገዛ፣ በዓለም ያለ ተቀባይ ሁሉ ስሕተቱ ወደ አሥር ሜትር ገደማ ወረደ። በስፖርት ቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ርካሽ እድገት አላውቅም።

ጋርሚን በ2003 ፎርራነር 201ን አወጣ፤ ሯጮች ክንዳቸው ላይ የሚያስሩት፣ ከክብሪት ሳጥን የሚተልቅ። በዚያው ጊዜ ዊንድሰርፈሮቹ ለእግረኛ ተጓዥ የተሠሩ ትናንሽ የጋርሚን መሣሪያዎችን ውኃ በማያስገባ ከረጢት ከተው ላይኛው ክንዳቸው ላይ ማሰር ያዙ። ወደ ባሕር ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ «ከፍተኛ ፍጥነት» የሚለውን ቁጥር ያያሉ። ቁጥሩ ጉድ ነበር። መለስተኛ ችሎታ ያለው ሰው በመለስተኛ ነፋስ የዓለምን ሪከርድ ሰብሮ ይገኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ይሄ ነውና። ተራው ሰው እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲያገኝ ፎቶ አንስቶ ለጓደኛው ይልካል። ዊንድሰርፈሮቹ ግን «ይህ ውሸት ነው» አሉ። ውሸቱ ከየት እንደሚመጣም ፈለጉ። የመጀመሪያው ምንጭ ውኃው ነው፤ የጂፒኤስ ምልክት ውኃ ውስጥ አያልፍም። ሰውየው ወድቆ ክንዱ ሲሰጥም መሣሪያው ሳተላይቶቹን ያጣል፣ ሲወጣ ደግሞ ቦታውን በግምት ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው ይዘላል። ያ ዝላይ ፍጥነት ሆኖ ይመዘገባል። ሁለተኛው ምንጭ ስሌቱ ራሱ ነው። ፍጥነት ከሁለት ቦታዎች ልዩነት ከተሰላ፣ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አንዷ ነጥብ 3 ሜትር ብቻ ብትሳሳት በሰዓት 10.8 ኪሎ ሜትር ከየትም መጥቶ ይጨመራል። በካርታ ላይ 3 ሜትር ማንም አያየውም፤ በፍጥነት ላይ ግን ሻምፒዮንን ከጀማሪ የሚለይ ልዩነት ነው።

መፍትሔው እዚያው ምልክቱ ውስጥ ነበር። አምቡላንስ ጮኾ ወደ ዓይደር ሆስፒታል ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል፤ ሳይረኑ ሳይለወጥ የሚለወጠው እንቅስቃሴው ነው። የሳተላይቱም ሞገድ እንዲሁ እንደ አንጻራዊ እንቅስቃሴው ይቀጥናል ይወፍራል፤ ይህ የዶፕለር ክስተት ይባላል። ተቀባዩ ይህን ለውጥ ለክቶ ፍጥነቱን በቀጥታ ያገኛል፤ «ከየት ወደ የት» ብሎ መቀነስ አያሻውም። ስሕተቱም በሰዓት ኪሎ ሜትሮች መሆኑ ይቀርና ወደ ክፍልፋይ ይወርዳል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ይህን ቁጥር ውስጣቸው ያሰሉት ነበር፤ ግን ስክሪን ላይ ለአፍታ አሳይተው ይጥሉታል፤ አያስቀምጡትም።

እናም በ2000ዎቹ አጋማሽ ዊንድሰርፈሮቹ ጥያቄያቸውን ለአምራቾች አቀረቡ። ጥያቄው የሚያምር ስክሪን አልነበረም። የዶፕለሩን ፍጥነት በየሴኮንዱ ሳትቆርጡ መዝግቡልን አሉ። ብዙ መሣሪያዎች ማኅደረ ትውስታ ለመቆጠብ «ብልህ አመዘጋገብ» በሚል ስም አንዳንድ ነጥቦችን ይዘላሉ፤ እሱን አጥፉልን። ሰዓቷ ራሷን ምን ያህል እንደምትጠራጠርም ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ጻፉልን። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የሚገርመኝ ነው፤ ዕቃ ገዢ ሻጩን «ዕቃህ ሲሳሳት ንገረኝ» ብሎ ሲለምን ብዙ ጊዜ አይታይም። ታይዋን ውስጥ ሎኮሲስ የሚባል ኩባንያ ሰማቸው። ጂቲ-11 እና ተከታዩ ጂቲ-31 የተባሉት መሣሪያዎቹ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ የፍጥነት ባሕርተኞች ክንድ ላይ ታሰሩ። ቁልፋቸው በጓንት የሚጫን፣ ቁጥራቸው በፀሐይና በጨው መካከል የሚነበብ ነበር።

ከዚያ የራሳቸውን የውድድር ሕግ አወጡ። አንዷ ከፍተኛ ቅጽበት ብቻ እንዳትፈርድ፣ በአንድ ቀን ከተገኙት ምርጥ አምስት የ10 ሴኮንድ ሩጫዎች አማካይ ይያዛል። የአንድ ሰዓት አለ፣ የአንድ የባሕር ማይል አለ። ከሁሉ የምወደው አልፋ 500 የሚሉት ነው፤ ሄደህ፣ ተጠምዝዘህ፣ ተመልሰህ ከመነሻህ 50 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ታልፋለህ፤ መንገዱ በጠቅላላው ከ500 ሜትር አይበልጥም። መጠምዘዝ የማይችል ፈጣን እዚያ ላይ ይጋለጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ይፋዊው የዓለም ሪከርድ ግን በእጅ ሰዓት አይጸድቅም፤ የዓለም የሸራ ፍጥነት ሪከርድ ምክር ቤት ታዛቢና የተፈቀደ መለኪያ ይፈልጋል። በዚያ መንገድ ነው ፊኒያን ሜይናርድ በ2005 48.70 ኖት፣ አንትዋን አልቦ ደግሞ በ2015 ናሚቢያ ሉደሪትዝ ላይ፣ ለዚሁ ሲባል በተቆፈረ ቦይ ውስጥ፣ 53.27 ኖት ያጸደቁት። በሰዓት 98.66 ኪሎ ሜትር፣ በአፍሪካ ምድር።

በእነዚህ ዓመታት እኛም ዘንድ ፍጥነት እየተመዘገበ ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን 2:03:59 ገባ። መቀሌ ተወልዶ ያደገው ብስክሌተኛው ፅጋቡ ግርማይ በ2012 ኤምቲኤን-ኩቤካ የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ቡድን ተቀላቀለ፤ በ2015 ወደ ጣሊያኑ ላምፕሬ-ሜሪዳ ተሻገረ፤ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከመቀሌ ወጣ ብሎ አሸጎዳ ላይ ደግሞ በ2013 የ120 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ነፋሱን ብስክሌተኞቹ ከሁሉ በፊት ያውቁታል፤ ፊት ለፊት ሲመጣ ፍጥነትን እንደሚያሳንስ፣ ከኋላ ሲመጣ እንደሚያሞካሽ። ስለዚህም ነው በአውሮፓ ቡድኖች ውስጥ መሪው ላይ የተገጠመችው ትንሽ ኮምፒውተር ከፍጥነት ይልቅ ዋትን፣ ማለትም ፔዳሉ ላይ የሚያርፈውን ኃይል እንድታሳይ የሚፈለገው። ከመቀሌ ወደ ኲሓ በሚወስደው መንገድ ላይ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ማለት እንደ ዕለቱ ነፋስ ድካምም ዕረፍትም ሊሆን ይችላል።

የሯጩ ፍላጎት ሌላ ነው። እሱ «በሰዓት ስንት» አይልም፤ «ኪሎውን በስንት» ነው የሚለው። ቁጥሩም እንዲረጋለት ይፈልጋል። የሯጭ ክንድ ወደ ፊት ወደ ኋላ ስለሚወዛወዝ አንጓ ላይ ያለችው ሰዓት ከሰውየው ጋር እኩል አትሄድም፤ አንዴ ትቀድመዋለች አንዴ ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ ሰዓቶቹ ቁጥሩን አለስልሰው ያቀርቡለታል። ማለስለስ ደግሞ ማዘግየት ነው፤ ሯጩ ከፈጠነ ከሴኮንዶች በኋላ ነው ሰዓቷ የምትሰማው። ለማራቶን ልምምድ ችግር የለውም። ለ200 ሜትር ድግግሞሽ ግን አሠልጣኙ ዳር ቆሞ የሚጫናት ስቶፕ ዎች ዛሬም ትበልጣለች፤ ትራክ ዳር ሄዶ ያየ ይመሰክራል። ልጆቹ ውድ ሰዓት አስረው፣ ሲጨርሱ ግን ዞር ብለው የሚጠይቁት አሠልጣኙን ነው።

ሌላም ክርክር አለ፤ በየጎዳና ውድድሩ ማግስት የሚነሳ። «መንገዱ ረዝሟል፤ የኔ ሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ከ600 ነው ያለችው» ይላል ሯጩ። መንገዱ ግን የተለካው በብስክሌት ነው። አላን ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ በ1971 የሠራው፣ ጎማው ሲዞር የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ከፊተኛው ጎማ ጋር ይገጠማል፤ ለኪው አጭሩን መስመር ተከትሎ ይጋልባል፤ መንገዱ በስሕተት እንዳያጥር በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመራል። ሳተላይት በሞላበት ዘመን የማራቶን ዳኛ ብስክሌት መሆኑ ደስ ይለኛል። ሯጩ በየኩርባው እየሰፋ ስለሚሮጥና የሰዓቷም ነጥቦች ስለሚንቀጠቀጡ ርቀቱ ይበዛል። ረጃጅም ፎቅ ባለበት ከተማ ደግሞ ምልክቱ ግድግዳ ላይ እየነጠረ ይደርሳል። በዚህ በኩል ሰማዩ የተገለጠው የመቀሌ አስፋልት ከኒው ዮርክ ይሻላል።

ኦክቶበር 7 ቀን 2020 ቫሌንሲያ ላይ የትግራይዋ ለተሰንበት ግደይ 5 ሺህ ሜትርን 14:06.62 ገባች፤ የዓለም ሪከርድ። ያን ምሽት ፍጥነቷን ለማወቅ ክንዷን ማየት አላስፈለጋትም፤ በትራኩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ መብራቶች በሪከርዱ ፍጥነት እየበሩ ከጎኗ ይሄዱ ነበር። አራት ሳምንት አለፈ። ኖቬምበር 4 ቀን የትግራይ ጦርነት ጀመረ።

ስልክ ተቋረጠ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች መድኃኒት አልቆብናል እያሉ ድምፃቸውን ለማሰማት ይሞክሩ ነበር። ስለ ጂፒኤስ ማውራት በዚህ መሐል ቀልድ ይመስላል። ግን አንድ እውነት አለ፤ የሳተላይቶቹ ምልክት አልተቋረጠም። ጂፒኤስ የስልክ መሥመር አይፈልግም፤ ከሰማይ ብቻ ይቀበላል፣ ምንም አይልክም። ኔትወርክ ሲኖር ስልካችን የሳተላይቶቹን መገኛ ከኢንተርኔት አስቀድሞ ስለሚያወርድ በቅጽበት ቦታችንን ያውቃል። ኔትወርክ ሲጠፋ ያንኑ መረጃ ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ በዝግታ መቀበል አለበት፤ ሰማዩን ሁሉ የሚዘረዝረው ሙሉው መዝገብ ለመውረድ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ቻርጅ ያለው ሰዓት የያዘ የመቀሌ ሰው ደጅ ወጥቶ ከታገሠ የት እንዳለ በሜትሮች ልዩነት ይነገረው ነበር። ውጭ ያለችው እህቱ የምትጠይቀውን ግን ሰዓቷ አትመልስም፤ የምታውቀውን ለማንም መላክ አትችልም።

ለተሰንበት በጁን 2021 ሄንግሎ ላይ 10 ሺህ ሜትርን 29:01.03፣ በኦክቶበር ደግሞ ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶንን 62:52 ገባች፤ ሁለቱም የዓለም ሪከርድ ነበሩ። በጁላይ 2022 ዩጂን ላይ ለተሰንበት በ10 ሺህ፣ ጎይተቶም ገብረስላሴ በማራቶን በ2:18:11፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ ወርቅ ወሰዱ። ሦስቱም የትግራይ ልጆች ናቸው። ዓለም የእያንዳንዷን እርምጃ በመቶኛ ሴኮንድ ሲቆጥር፣ ወላጆቻቸው ማሸነፋቸውን መስማት አለመስማታቸውን እንኳ ማረጋገጥ የማይቻልበት ጊዜ ነበር። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኖቬምበር 2022 ተፈረመ፤ በዲሴምበር መጨረሻ አውሮፕላን ወደ መቀሌ በረረ፤ ስልክም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ሰላሙ ሲመጣ የሰዓት ጥያቄም አብሮ መጣ። እዚህ ጥሩ የስፖርት ሰዓት በአብዛኛው የሚገባው በዘመድ ሻንጣ ነው። ውጭ ያለው ወንድም «የትኛውን ልግዛልህ?» ሲል፣ ልጁ በማስታወቂያ ያየውን ይጠራል፤ የልብ ምት፣ የእንቅልፍ መጠን፣ የሙዚቃ ማጫወቻ። ዊንድሰርፈሮቹ በሃያ ዓመት ጭቅጭቅ የተማሩትን ቢሰማ ሌላ ነገር ይጠይቅ ነበር። በየሴኮንዱ ትመዘግባለች ወይስ ትዘላለች? በላብ ወይም በዝናብ የረጠበ ጣት የሚያስቸግረው የንክኪ ስክሪን ብቻ ነው ያላት ወይስ ቁልፍም አላት? ሁለት ዓይነት ሞገድ ትቀበላለች? ይህ የመጨረሻው ከ2020 ወዲህ በእጅ ሰዓቶች ላይ የተስፋፋ ነው፤ አንዱ ሞገድ ከግድግዳ ወይም ከገደል ነጥሮ ሲመጣ ሌላው ያጋልጠዋል። የአሜሪካውን ብቻ ሳይሆን የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ የምትቀበል ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ ከአናቷ በላይ ብዙ ሳተላይት አላት። ያገለገለ ሰዓት ከሆነ ከሁሉ በፊት ባትሪው፤ ግማሽ መንገድ ላይ የምትሞት ሰዓት ምንም ብትጠነቀቅ ዋጋ የላትም። ዊንድሰርፈሮቹ ራሳቸው ዛሬ የፋብሪካ ዕቃ ሲያንሳቸው ተቀባይ ቺፕ፣ ባትሪና ሣጥን ገዝተው በየቤታቸው ይበይዳሉ፤ በሴኮንድ አምስትና አሥር ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ይሠራሉ። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሴኮንድ 25 ሜትር ስለሚያልፍ፣ በሴኮንድ አንዴ መመዝገብ አይበቃውም።

ሴፕቴምበር 2023 ዩጂን ላይ ጉዳፍ ፀጋይ የ5 ሺህ ሜትሩን ሪከርድ 14:00.21 አደረሰችው። በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ደግሞ ከትግራይ ወጥታ በፈረንሳይ የተጠለለችው ብስክሌተኛዋ እየሩ ገብሩ በስደተኞች ቡድን ማሊያ በጎዳናው ውድድር ጋለበች።

ከዚያ ዙሪክ መጣ። በሴፕቴምበር 2024 በተካሄደው የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና፣ በዝናብ፣ ሙሪኤል ፉረር የተባለች የ18 ዓመት ስዊዛዊት ጫካ ውስጥ ባለ ቁልቁለት ከመንገዱ ወጥታ ወደቀች። ለረጅም ጊዜ ማንም አላገኛትም። በማግስቱ ሞተች። ብስክሌት ላይ ዋት፣ የልብ ምትና ፍጥነት በየሴኮንዱ በሚቆጠርበት ዘመን አንዲት ልጅ የት እንዳለች የሚያውቅ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ቁጥር የሚሄደው ወደ ጋላቢው ዓይን እንጂ ወደ ውድድሩ አስተዳዳሪዎች አልነበረም።

የዓለም የብስክሌት ማኅበር መከታተያ መሣሪያ እንዲታሰር ወሰነ። በኦገስት 2025 በሴቶቹ የሮማንዲ ዙር ሙከራ ላይ ከየቡድኑ አንድ ጋላቢ እንድትይዘው ሲታዘዝ አምስት ቡድኖች በአሠራሩ ላይ ተከራክረው ስላልተስማሙ ከውድድሩ ተሰረዙ። የቡድኖቹን ክርክር ከንቱ ነው አልልም፤ መረጃው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ግን መቀሌ ላይ ሁለት ዓመት የዘመዱን ድምፅ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ክርክሩን በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው።

ከሴፕቴምበር 21 እስከ 28 ቀን 2025 ሻምፒዮናው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጣ፤ ኪጋሊ። በዳገትና በኮብልስቶኑ ላይ የወጡት ጋላቢዎች ሁሉ፣ ከኢትዮጵያ የሄዱትም ጭምር፣ መከታተያውን ይዘው ጋለቡ። ፍጥነታቸውን ለእነሱ ለመንገር የተሠራ አይደለም። ምልክቱ የሚደርሰው ለውድድሩ መቆጣጠሪያ ክፍል፣ ለሐኪሞቹና ለዳኞቹ ነው።